ራስ አሉላ እንግዳ፤ የባላገር ልጅ ሹመትና የመኳንንቱ ቅሬታ

መምህራን በያመቱ መጨረሻ ሽልማት ሰጥተው ሲያበቁ ከአዳራሹ ውጭ የሚሰማው ጕርምርምታ ለማንኛችንም እንግዳ አይደለም። ተሸላሚው የሹም ልጅ የሆነ እንደ ሆነ ለአባቱ ሲባል ነው ይባላል፤ የድኻ ልጅ የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ መምህሩ ለብቻው ስለሚወደው ነው ይባላል። የእድገት ዝርዝር በሚወጣበት ጊዜም እንዲሁ ነው። ሐሜቱ አንዳንድ ጊዜ እውነት፥ አንዳንድ ጊዜም ምቀኝነት ነው፤ ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ግን ቀላል ሥራ አይደለም። የራስ አሉላን ጀግንነት ሕፃናት እንኳ ያውቁታል፤ በሹመታቸው ላይ የተነሣውን ክርክር ግን ብዙ ሰው አልመረመረውም። ለሰው ማዕረግ የሚሰጠው ለሥራው ነው፥ ለዘሩ ነው፥ ወይስ ለሰጪው ቅርብ ስለ ሆነ ነው? ይህ ጥያቄ በኛ ሙያ ላይ ያለን ሰዎች ዘወትር የምንጋፈጠው ስለ ሆነ፥ በዚህ የመታሰቢያ መጽሐፍ ውስጥ ታሪካቸውን ከዚህ አንጻር መጻፍ መረጥሁ።

አሉላ በ1840 ዓ.ም. ግድም በትግራይ፥ በተምቤን አውራጃ፥ መነዌ በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ እንግዳ ቁቢ አርሶ የሚበላ ባላገር ነበር። በዚያ ዘመን ለባላገር ልጅ ክፍት የነበሩት መንገዶች ጥቂት ናቸው፤ ወይ የአባቱን ሞፈር ይይዛል፥ ወይ ወደ ደብር ሄዶ ዳዊት ይደግማል፥ ወይም ደግሞ ከአንድ መኰንን ቤት ገብቶ ያድራል። በአገሩ ሰዎች ዘንድ እንደሚተረከው አሉላ ገና ሕፃን ሳለ ከእኩዮቹ ጋር ሲጫወት፥ የሰርግ እንጀራ በመሶብ ተሸክመው የሚያልፉ ሰዎች አግኝቶ መንገዳቸውን ዘግቶ ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቃቸው። እነርሱም በድፍረቱ ተገርመው ወደ ራስ አሉላ ግቢ እንደሚሄዱ ነግረው አላገጡበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመንደሩ ልጆች በዚህ ስም ይጠሩት ጀመር ይባላል። እንዲህ ያለው ተረት ሰው ከከበረ በኋላ የሚፈጠር ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ቀልዱ ቀልድ የሆነበት ምክንያት ሊታሰብ ይገባል። የእንግዳ ቁቢ ልጅ ራስ መባሉ ለሰሚው ሁሉ የማይሆን ነገር ስለ ነበረ ነው ሳቁ የመጣው።

አሉላ በጐልማሳነቱ መጀመሪያ የእንደርታ ባላባት ከነበሩት ከራስ አርአያ ድምፁ ዘንድ አደረ። ራስ አርአያ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ ለተባሉት ለካሣ ምርጫ የእናታቸው ወገን ነበሩና አሉላ በዚህ መንገድ ወደ ካሣ ቤት ተላለፈ። ጊዜው ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ከሞቱ በኋላ፥ ዘውዱን የሚሹ መሳፍንት እርስ በርሳቸው የሚተያዩበት ነበር። ሐምሌ 5 ቀን 1863 ዓ.ም. አድዋ አጠገብ አሳም በሚባለው ስፍራ ካሣ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን ድል አድርገው ማረኩ፤ በጥር 1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዮሐንስ ተብለው ነገሡ። አሉላም በዚህ መካከል የንጉሡ እልፍኝ አስከልካይ ሆኖ ነበር። ይህ ሥራ በማዕረግ ትንሽ፥ በቅርበት ግን ትልቅ ነው፤ ወደ ንጉሥ የሚገባውና የሚወጣው ሁሉ በበረኛው ፊት ያልፋልና። የኋላው ሐሜት ሥር የሰደደው ከዚህ እንደ ሆነ አያጠራጥርም። ከደጅ ጠባቂነት ወደ ራስነት የወጣ ሰው፥ በሥራው ነው ቢባል ማን በቀላሉ ያምናል?

እዚህ ላይ በዚያ ዘመን ሽልማት የሚሰጥበትን ሥርዐት ጥቂት ማስታወስ ያስፈልጋል። ከጦርነት በኋላ ወታደሩ ግዳዩን ይዞ በጌታው ፊት እየፎከረ ይወጣል፤ የዋለበትን ቦታ፥ ያደረገውንም ሥራ በይፋ ይናገራል። ያልሠራውን ቢናገር በአጠገቡ የዋለ ባልንጀራው ሊያሳፍረው ይችላል። ጌታውም እንደየሥራው ለአንዱ ጋሻና ጎራዴ፥ ለአንዱ ለምድ፥ ለአንዱ በቅሎ ከነኮርቻዋ፥ ለሌላውም ጕልት ይሰጣል። ሥርዐቱ ጉድለት አልነበረውም ማለት አይደለም፤ የሚመዝነው የገዳይን ሥራ ብቻ ነው፤ የሚያርሰውን፥ የሚያስተምረውንና የሚያስታርቀውን አያይም። ነገር ግን አንድ መልካም ነገር ነበረው፤ ተሸላሚው ስለ ምን እንደ ተሸለመ ሰው ሁሉ ይሰማል። ዛሬ ስም ብቻ ተጠርቶ የምስክር ወረቀት የሚሰጥባቸው ብዙ ሥነ ሥርዐቶች ይህን እንኳ አጥተዋል። ከፍ ያለው ማዕረግ ግን፥ ማለት ደጃዝማችነትና ራስነት፥ በአብዛኛው የሚሰጠው በፉከራው ሜዳ አልነበረም። እርሱ የቤት ነገር ነበር፤ አባቱ የገዛበትን ልጁ ይጠብቃል።

በ1868 ዓ.ም. የግብፁ ኬዲቭ እስማኤል ጦር ከምጽዋ ተነሥቶ መጣ። በኅዳር ወር ጉንደት ላይ፥ አረንድሩፕ በሚባለው በዴንማርክ ተወላጅ መኰንን የሚመራው ሠራዊት ተከቦ ጠፋ፤ አሉላ ያን ጊዜ ሻለቃ ነበር፥ ስሙም የገነነው ከዚያ ውጊያ ጀምሮ ነው። በየካቲት ማብቂያ ደግሞ ከፊተኛው እጅግ የሚበልጥ የግብፅ ጦር፥ የአሜሪካ መኰንኖች ጭምር እየመሩት፥ ጉራ ላይ ተሸነፈ። ከዚህ በኋላ በ1869 ዓ.ም. መባቻ ዐፄ ዮሐንስ አሉላን ራስ ብለው በመረብ ምላሽ ላይ፥ ማለት ከመረብ ወንዝ ማዶ ባለው በሐማሴንና በሠራዬ ላይ ሾሙት።

ከዚህ በኋላ እኛም አንቱ ልንላቸው ነው፤ መኳንንቱ ግን አንቱ ማለት ከብዷቸው ነበር። የትልልቅ ቤት ልጆች የሆኑት የትግራይ መሳፍንት፥ አባቶቻቸው ሲገዙ የኖሩ ሰዎች፥ ትናንት በር ሲጠብቅ ያዩት ሰው በአንድ ጊዜ ከእነርሱ እኩል፥ ከአንዳንዶቹም በላይ ሆኖ አገኙት። ንጉሡ አዳሉ አሉ። እዚህ ላይ ማዳላት ማለት ምን እንደ ሆነ መጠየቅ ደግ ነው። ለመሳፍንቱ ፍርድ ማለት ርስትን ለባለ ርስት መስጠት ነበር፤ ለዘር የሚገባውን ለሌላ መስጠት እንደ ቅሚያ ይቈጠር ነበር። ስለዚህ ቅሬታቸው ሁሉ ምቀኝነት ነበር ማለት አይቻልም፤ በያዙት ሚዛን ቢመዘን እውነት ነበራቸው። ሚዛኑ ግን ራሱ ጠማማ ነው፤ በተወለዱበት ቤት የሚመዝን ሚዛን ጉንደት ላይ ማን ምን እንደ ሠራ አያሳይምና።

በሌላ በኩል የዐፄ ዮሐንስ ሥራ ከጥቅም የጸዳ ንጹሕ ፍርድ ነበረ ማለትም አልችልም። ባለ ርስቱ መኰንን ንጉሥ ቢሽረው የሚመለስበት አገር፥ የሚከተለው ሕዝብ አለው፤ ሲከፋውም ይሸፍታል። አሉላ ግን ከንጉሠ ነገሥቱ ሞገስ በቀር የሚመካበት አንዳች አልነበረውም። እንዲህ ያለውን ሰው ከፍ ማድረግ ለንጉሥ ይመቻል። ቅርበትም፥ ብቃትም፥ የመንግሥት ብልሃትም በአንድ ሹመት ውስጥ አብረው ነበሩ፤ በእውነተኛው ዓለም እነዚህ ተለያይተው የሚገኙበት ጊዜ ጥቂት ነው። እኔ የምለው ይህን ብቻ ነው፤ አንድ መምህር የሚያቀርበውን ተማሪ ቢሸልም ቅርበቱ ብቻውን ጥፋት አይሆንበትም፤ የሚጠየቀው የፈተናው ወረቀት በማን ፊት እንደ ታረመ ነው። የአሉላ ፈተና በሠራዊት ሁሉ ፊት ታርሟል። ይህም ሆኖ ራስ አሉላ ራሳቸው የትውልድ ነገር እንዳልተረሳላቸው ያውቁ ነበር፤ የራስ አርአያን ልጅ ወይዘሮ አምለሱን ማግባታቸው ለዚህ ምስክር ነው። ሥራቸው ያላስገኘላቸውን ዘመድ በጋብቻ አገኙ።

የዚህ ሹመት ዕዳ የተከፈለው ግን ከመረብ ማዶ ነው። በሐማሴን የሐዘጋና የጸዐዘጋ ቤቶች ከጥንት ጀምሮ ስለ ግዛት ይጣሉ ነበር፤ ለአንዱ የተሰጠ ሹመት ሁሉ ለሌላው እንደ ሽረት ነበር። የሐዘጋው ወልደ ሚካኤል ሰሎሞን በዚህ ቂም ተነሥተው በግብፆች ዘመቻ ጊዜ ወደ ጠላት ገቡ፤ በ1868 ዓ.ም. ክረምት የጸዐዘጋውን ደጃዝማች ኃይሉን፥ በ1870 ዓ.ም. ደግሞ ከንጉሠ ነገሥቱ የተላኩትን ራስ ባርያውን ገደሉ። ራስ አሉላ በኋላ በድርድር አግባብተው አስገቧቸው፤ ጥቂት ቆይቶም ተይዘው ታሰሩ። ወልደ ሚካኤል ከዳተኛ መሆናቸውን አልክድም። ይሁንና በአባታቸው አገር ላይ ከተምቤን የመጣ ሰው ሲሾም ያዩ ባላባት የተሰማቸውን መገመት አያስቸግርም። የተምቤኑ ገበሬ ልጅ መሾም ለተምቤን ገበሬዎች የምሥራች፥ ለሐማሴን ሰዎች ግን የእንግዳ ገዥ መምጣት ነበር። አንዱ ሹመት በአንድ ጊዜ ፍትሕም በደልም ሆኖ ሊታይ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ራስ አሉላ በ1876 ዓ.ም. መቀመጫቸውን ወደ አሥመራ አዛወሩ። አሥመራ ያን ጊዜ ትንሽ መንደር ነበረች፤ የገዥው ግቢ ከተሠራባት ወዲህ ገበያዋ ሰፋ፥ የነጋዴ መንገድ ሁሉ በርሷ ያልፍ ጀመር። ሆኖም ከትግራይ ይዘውት የመጡት ሠራዊት በባላገሩ ላይ ሰፍሮ ስለሚቀለብ ሕዝቡ አማረረ፤ የአገሩም ባላባቶች ዋናው ሥልጣን ለመጤዎቹ ሆነ ብለው አዘኑ። በዘር ምክንያት የተናቀ ሰው ሲሾም የሌላውን ዘር ሁሉ በእኩል ዓይን ያያል ተብሎ ይጠበቃል፤ ብዙ ጊዜ ግን በክፉ ቀን አብረውት የነበሩትን ያስቀድማል። ራስ አሉላም ከዚህ ነጻ አልነበሩም። ኢጣልያኖች በኋላ ወደ ደጋው ሲወጡ ከአገሩ መኳንንት አንዳንዶቹ የተቀበሏቸው ይህ ቅሬታ ገና ስላልበረደ ነበር።

በግንቦት 1876 ዓ.ም. አድሚራል ሂዌት የሚባለው የእንግሊዝ መልእክተኛ አድዋ ድረስ መጥቶ ከዐፄ ዮሐንስ ጋር ተዋዋለ። የውሉ ነገር በአጭሩ እንዲህ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ በሱዳን መሐዲስቶች የተከበቡት የግብፅ ጦሮች በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡ ይረዳሉ፤ በምትኩ የቦጎስ አገር ይመለስላቸዋል፥ በምጽዋም በኩል ዕቃቸው ያለ ቀረጥ ያልፋል። የውሉን ከባድ ክፍል የፈጸሙት ራስ አሉላ ናቸው፤ የተከበቡትን እያወጡ ወደ ባሕር አሻገሩ። መስከረም 1878 ዓ.ም. ወደ ከሰላ ሲዘምቱ ኩፊት ላይ የዑስማን ዲግናን ጦር በብርቱ ውጊያ ድል አደረጉ፤ ምንም እንኳ ከሰላ አስቀድማ እጇን ብትሰጥ። ለዚህ ሁሉ የተከፈለው ዋጋ ምን ነበር? ጦሩ ገና በሥራ ላይ ሳለ፥ በጥር 1877 ዓ.ም. ኢጣልያኖች በእንግሊዞች ፈቃድ ምጽዋን ይዘው ነበር። አገልግሎቱን ተቀብሎ ዋጋውን ለሌላ መስጠት በመንግሥታትም ዘንድ እንዳለ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም።

ኢጣልያኖች ከምጽዋ ወደ ውስጥ እየተስፋፉ ሰዓጢን በያዙ ጊዜ ራስ አሉላ እንዲለቁ አስጠነቀቁ፤ አልለቀቁም። በጥር 1879 ዓ.ም. በሰዓጢ ምሽግ ላይ አደጋ ጥለው ተመለሱ፤ በማግሥቱ ግን ለሰዓጢ ርዳታ ይሄድ የነበረውን፥ በኮሎኔል ደ ክሪስቶፎሪስ የሚመራውን አምስት መቶ ያህል ጦር ዶጋሊ ላይ ጠብቀው ደመሰሱት። ከአራት መቶ በላይ የሚሆኑት በዚያው ወደቁ። ቀጥሎ የሆነውን ነገር መምህራን ሁሉ ልብ እንዲሉት እፈልጋለሁ። በዚያው ዓመት ሮማ ውስጥ፥ በባቡር ጣቢያው ፊት፥ ከጥንታዊት ግብፅ የመጣ የድንጋይ ሐውልት ተተከለ፤ በሥሩም በዶጋሊ የሞቱት የኢጣልያ ወታደሮች ስም ከአለቃ እስከ ተራ ወታደር ተጻፈ። ሐውልቱ በኋላ ወደ አቅራቢያው ተዛውሯል እንጂ አልጠፋም፤ አደባባዩም እስከ ዛሬ የአምስቱ መቶ አደባባይ ይባላል። የተሸነፈው እንዲህ ሙታኑን በስማቸው ሲያከብር፥ ያሸነፈው ወገን ወታደሮች ስም ግን በየዘመዶቻቸው ልቅሶ ቀረ። እኛ ድሉን ለራስ አሉላ ሰጥተን ዝም አልን። የባላገር ልጅ በመሆናቸው የተናቁት ጌታ ስማቸው ሲታወስ፥ አብረዋቸው የዋሉት የባላገር ልጆች ስማቸው አልተመዘገበም። ኢጣልያ የሰው አገር ሊወስዱ የመጡትን ማክበሯ ትክክል ነበረ ለማለት አይደለም፤ ስምን በስም መጻፏን ግን ከጠላትም ቢሆን ልንማረው በተገባን ነበር።

መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ ቆሰሉና ሞቱ። ከመሞታቸው በፊት ልጃቸውን ራስ መንገሻን አልጋ ወራሽ ብለው ተናዘዙ። በዚያን ሰዓት ብዙው መኰንን ወደሚያዋጣው ወገን ተመለከተ፤ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ብርቱ ነበሩና። በሚያዝያ ወር የውጫሌ ውል ተፈረመ፤ በሐምሌ ኢጣልያኖች አሥመራን ያዙ። ራስ አሉላ መቀመጫቸውንም ግዛታቸውንም በአንድ ዓመት አጡ። ቢሆንም ከራስ መንገሻ ጋር ቆሙ፤ ራስ መንገሻ በ1882 ዓ.ም. ለዐፄ ምኒልክ ሲገቡም እርሳቸው አልገቡም። ያን ጊዜ አዳልተው ሾሟቸው የተባሉት ንጉሥ ከሞቱ በኋላ የሚሰጡት ነገር አልነበራቸውም፤ ተሿሚው ግን ታማኝነቱን አላጐደለም። ትልልቅ ቤት የተወለዱት ብዙዎቹ ይህን አላደረጉትም። ዐፄ ዮሐንስ ሰው መምረጥ ያውቁ እንደ ነበረ የሚያስረዳው፥ በኔ አስተያየት፥ ከዶጋሊ ድል ይልቅ ይህ ነው።

ታማኝነቱ ግን ያለ ጠብ አልቀጠለም፤ በመካከሉ ከራስ መንገሻ ጋር ተጣልተው ታረቁ። በ1886 ዓ.ም. ሁለቱም አዲስ አበባ መጥተው፥ እንደ ዘመኑ የምሕረት ልማድ ድንጋይ ተሸክመው፥ ለዐፄ ምኒልክ ገቡ። ራስ መንገሻ የንጉሥነት ማዕረግ ተስፋ አድርገው ነበር፤ አልተሰጣቸውም፥ ከቅሬታቸው ጋር ወደ ትግራይ ተመለሱ። ራስ አሉላ በዐፄ ምኒልክ ዘንድ ቀሩ። ለብዙ ዓመት አልገባም ያሉትን ሰው ዐፄ ምኒልክ በክብር መያዛቸው ሊመሰገንላቸው ይገባል። የቀድሞ ተቃዋሚን እንደ ችሎታው ማሠራት ከወዳጅ ሽልማት ይልቅ የሚከብድ ፍርድ ነው፤ ይህንንም በየመሥሪያ ቤቱ የሚያውቅ ያውቀዋል።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በአድዋ ጦርነት ራስ አሉላ ከተሰለፉት የጦር አለቆች አንዱ ነበሩ። መረብን ተሻግሮ የጥንት ግዛታቸውን የማስመለስ ምኞት ነበራቸው። ሆኖም ሠራዊቱ በስንቅ ማጣት ደክሞ ነበርና ዐፄ ምኒልክ ተመለሱ፤ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የሰላም ውል ኢጣልያ የኢትዮጵያን ነጻነት ስታውቅ፥ ከመረብ ማዶ ያለው አገር በእጇ ቀረ። በዚሁ ዘመን ኦገስተስ ዋይልድ የሚባል እንግሊዛዊ፥ ቀድሞ ራስ አሉላን ያውቃቸው የነበረ ሰው፥ ወደ ትግራይ መጥቶ ጐበኛቸው። በ1893 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፉ የገዛ መንግሥቱ ለእኒህ ሰው የፈጸመውን ክዳት ሳይሸሽግ ነቅፏል። ከባዕድ የመጣ ቢሆንም እውቅና እውቅና ነው።

የራስ አሉላ መጨረሻ ከባዕድ ጋር በተደረገ ጦርነት አልሆነም። አድዋ ላይ ድል ከተገኘ ዓመት ሳይሞላ የተምቤን ገዥ ከነበሩት ከራስ ሐጐስ ጋር በግዛት ነገር ተጣሉ፤ በጥር 1889 ዓ.ም. ተዋጉ። ራስ ሐጐስ በዚያው ሞቱ፤ ራስ አሉላም እግራቸውን ቆስለው ጥቂት ሳምንት ሰንብተው በየካቲት ወር ዐረፉ። ዕድሜያቸው ሃምሳ ዓመት ግድም ነበር። አስከሬናቸው ከአድዋ ወጣ ብሎ በሚገኘው በአባ ገሪማ ገዳም ተቀበረ።